«ጎማው አጠረ»፤ የተሽከርካሪ መስኮት ዙሪያ ክፍሎች ስያሜና የትርጉም ችግሩ

አንድ ዕቃ ሲበላሽ ጠጋኙ የትኛውን ክፍል እንደሚነካና የትኛውን እንደሚተው የሚነገረው በክፍሎቹ ስም አማካይነት ነው። ስሙ ሁለትና ሦስት ነገር የሚያመለክት ከሆነ ትእዛዙም ሁለትና ሦስት ይሆናል። ይህ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሙያዎች አንዱ የተሽከርካሪ ጥገና ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም ከዚሁ ሙያ አንዲት ጠባብ ማዕዘን ወስደን የመስኮት መስታወትን ዙሪያውን ይዘው የሚገኙትን ቀጫጭን የጎማና የፕላስቲክ ክፍሎች ስያሜ ነው። ክፍሎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ዋጋቸውም ከመስታወቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው። ይሁን እንጂ በፀሐይና በዘመን ብዛት ሲኮማተሩ ዝናብ ያስገባሉ፤ ላሜራ ያዝጋሉ፤ ሲብስም መስታወቱን ይለቁታል። በአማርኛ ግን ሁሉም በአንድ ቃል «ጎማ» ይባላሉ፤ የሚደርስባቸው ጉዳትም በአንድ ቃል «አጠረ» ወይም «ደረቀ» ይባላል። ከውጭ ቋንቋ የጥገና መመሪያ የሚመልስ ተርጓሚ የሚሰናከለው በዚህ ላይ ነው።

1. የነገሩ አካባቢ

ነገሩ በሐሳብ ብቻ እንዳይቀር በአንድ አካባቢ ላይ እንመሥርተው። አንበሳሜ በደቡብ ጎንደር የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና ሐሙሲት ሲደርስ ወደ እስቴ የሚገነጠል መንገድ አለ፤ ይህ መንገድ በአንበሳሜ በኩል ያልፋል። በዚህ መስመር የሚመላለሱት ሚኒባሶች፣ የጭነት መኪናዎችና «ቅጥቅጥ» የሚባሉት መካከለኛ አውቶቡሶች ናቸው። «ቅጥቅጥ» የሚለውን ስያሜ ያወጣው ሊቅ አይደለም፤ ከውጭ በመጣ የጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ በመዶሻ ተቀጥቅጦ አካል ስለሚሠራለት ጋራዡና መናኸሪያው ያወጡለት ስም ነው። «ቀጠቀጠ» ከሚለው ግስ የወጣው ይህ ቃል ማንም ሳይከራከርበት በመላው አገር ገብቷል። ወደ ኋላ እንደምናየው ይህ ለስያሜ ሥራ ጥሩ ትምህርት ነው።

የጣና ዳርቻ ለመስኮት ጎማ የማይመች አገር ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የፀሐይዋ ጨረር ከቆላው ይልቅ የበረታ ነው። በበጋ ቀኑ ይሞቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ዕቃም ቀን እየሰፋ ሌሊት እየጠበበ ይሰነብታል። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። በበጋ ያጠረ የመስኮት ጎማ ማጠሩ የሚታወቀው ክረምት ሲገባና ከወንበሩ ሥር ውኃ ሲቋጥር ነው። በሰላሙ ዘመን ከሱዳን በመተማ ገብተው በጎንደርና በባሕር ዳር በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱ የውጭ አገር መንገደኞች ውስጡ አልጋና ማብሰያ ባለው መኪና ይጓዙ ነበር፤ የእነርሱም መኪና የሚቸገረው በዚሁ ጉዳት ነው። ተርጓሚው በመጀመሪያ የሚፈተነውም በዚሁ መኪና ስም ነው።

2. «የቤት መኪና» አይደለም

ቤትም መኪናም የሆነውን ይህን ተሽከርካሪ ቃል በቃል የሚመልስ ተርጓሚ ፈጥኖ የሚደርስበት «የቤት መኪና» ላይ ነው። በአማርኛ ግን «የቤት መኪና» ማለት ከታክሲና ከጭነት መኪና ተለይቶ ለግል መገልገያ የሚውል አነስተኛ መኪና ማለት ነው። «የቤት መኪና አለው» ስንል በመኪናው ውስጥ ያድራል ማለታችን አይደለም። በመሆኑም ይህ ትርጉም አንባቢውን ያለ ጥርጥር ወደ ሌላ ተሽከርካሪ ይመራዋል፤ ስሕተቱም ቶሎ አይታወቅም፤ ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ምንም ጉድለት የለበትምና።

«ተንቀሳቃሽ ቤት» የሚለውም ይቀርባል። ይህ ግን በጭነት መኪና ተጭኖ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወረውን የሥራ ካምፕ ቤት ጭምር ስለሚያጠቃልል ሞተር ያለውን ከሌለው አይለይም። በእኛ አስተያየት «ማደሪያ መኪና» የተሻለ ነው። «አደረ» ከሚለው ግስ የወጣው «ማደሪያ» መንገደኛ የሚያውቀው ቃል ነው፤ «መኪና» ደግሞ ሞተሩን ይጨምርለታል። ሞተር የሌለውና በሌላ መኪና የሚጎተተው «ማደሪያ ተሳቢ» ሊባል ይችላል፤ «ተሳቢ» በጭነት ሙያ ዘንድ የጸና ቃል በመሆኑ ማብራሪያ አይሻም።

3. የ«ጎማ» ብዙ ፍች

«ጎማ» ከጣልያንኛ የመጣ የውሰት ቃል ነው። አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ፣ በተለይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ፣ የጋራዥ ቃላታችን በብዛት የተወሰዱት ከዚሁ ቋንቋ ነው። «መኪና»፣ «ፍሬን»፣ «ማርሽ»፣ «ላሜራ»፣ «ቡሎን»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ከመነዳሪ» ሁሉም የዚሁ ወገን ናቸው። ከእነዚህ የሚበዙት አንድ አንድ ዕቃ ብቻ ያመለክታሉ። «ካቻቢቴ አቀብለኝ» የተባለ ረዳት ፒንሳ ይዞ አይመጣም። «ጎማ» ግን በአገልግሎት ብዛት ፍቹ ተዘርግቷል፤ ቢያንስ አራት ፍች እናገኝለታለን።

ሀ. ንጥረ ነገሩ፤ «ጫማው ሶሉ ጎማ ነው»።
ለ. የተሽከርካሪ እግር፤ «ጎማው ተነፈሰ»፣ «ጎማ ቀየረ»።
ሐ. የውኃ መሳቢያ ቱቦ፤ «አትክልቱን በጎማ አጠጣ»።
መ. ከዚሁ ንጥረ ነገር የተሠራ ወይም የሚመስል ማናቸውም የማሽን ክፍል፤ «የመስኮቱ ጎማ»፣ «የበሩ ጎማ»።

ችግራችን ያለው በአራተኛው ፍች ነው። በዚህ ፍች «ጎማ» የሚባለው ነገር አንዳንድ ጊዜ ጎማ እንኳ አይደለም። በመስኮት ዙሪያ ከሚገኙት ክፍሎች አንዳንዶቹ ከተፈጥሮ ጎማ፣ አንዳንዶቹ ኢ-ፒ-ዲ-ኤም ከሚባለውና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በገበያ ከዋለው ሰው ሠራሽ ጎማ፣ አንዳንዶቹም ፒ-ቪ-ሲ ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ሦስቱም ጥቁር ናቸው፤ ሦስቱም በጣት ሲጫኑ ይሰርጎዳሉ። ባሕሪያቸው ግን ይለያያል። ኢ-ፒ-ዲ-ኤም ፀሐይን በደንብ ይቋቋማል፤ ናፍጣና የሞተር ዘይት ሲነካው ግን ያብጣል፣ ይልፈሰፈሳል። ፒ-ቪ-ሲን ቤንዚን የመሰለ ፈሳሽ ሲነካው ለስላሳ ያደረገውን ቅመም ከውስጡ መጥጦ ያወጣዋል። ስለዚህ «ጎማውን ቀባው» የሚል መመሪያ የትኛውን ጎማ፣ በምን እንደሚቀባ ካልተናገረ ጥገና ሳይሆን ጉዳት ያዛል።

«ላስቲክ» የሚለው ቃልም አይረዳንም። በዕለት ንግግር «ላስቲክ» ማለት ዕቃ መያዣ ከረጢት፣ ወይም የካልሲና የሱሪ መወጠሪያ ነው። የመስኮቱን ፒ-ቪ-ሲ ጥብጣብ «ላስቲክ» ብንለው አንባቢው የሚለጠጥ ነገር ይመስለዋል፤ ለጠጥ አድርጎ መግጠም ደግሞ፣ እንደምናየው፣ ዋነኛው የጥገና ስሕተት ነው።

4. በአንድ ስም የተጠሩ አራት ክፍሎች

በዕድሜ የገፉ መኪናዎች፣ ብዙ አውቶቡሶችና ብዙ ማደሪያ መኪናዎች መስታወታቸው የተያዘው በጎማ ነው። በዘመናዊ አነስተኛ መኪናዎች የፊት መስታወቱ በጠንካራ ማጣበቂያ ከአካሉ ጋር ስለሚጣበቅ ይህ ጽሑፍ አይመለከታቸውም። በጎማ በተያዘው መስኮት ዙሪያ በሥራቸው የተለያዩ አራት ክፍሎች እናገኛለን።

የመጀመሪያው መስታወቱን የሚሸከመው ነው። በአንድ ጎኑ መስታወቱ፣ በሌላ ጎኑ የላሜራው ጠርዝ የሚገባበት ሁለት ቦይ አለው። ለዚህ «ጎማ ክፈፍ» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ክፈፍ» በአማርኛ የአንድ ነገር ዙሪያ ጠርዝ ነው፤ የገጽ ክፈፍ፣ የልብስ ክፈፍ ይባላል። የቤት ጣራ ከግድግዳው አልፎ የሚወጣውና ዝናቡን ወደ ውጭ የሚያንጠባጥበው ክፍልም ክፈፍ ነው። ዙሪያን መያዝና ውኃን መመለስ፣ የዕቃው ሁለቱም ሥራዎች፣ በቃሉ ውስጥ አስቀድመው አሉ። «ጎማ» የሚለው ቃል በፊቱ በመግባቱም ከእንጨቱ መስኮት ክፈፍ ይለየዋል።

ሁለተኛው በክፈፉ ፊት ላይ በተተወው ጠባብ ቦይ የሚገባው ቀጭን ጥብጣብ ነው። ይህ ሲገባ ክፈፉ ከውስጥ ተገፍቶ ይሰፋና መስታወቱንም ላሜራውንም ጨምድዶ ይይዛል፤ ሲወጣ ክፈፉ ይላላል። ለዚህ «ቅርቃር» የሚለውን እንመርጣለን። «ቀረቀረ» በሁለት ነገር መካከል አስገብቶ ማጥበቅ ነው፤ «መቀርቀሪያ» የበር ነው። «ሽብልቅ» የሚለው ቃልም ለውድድር ይቀርባል፤ ነገር ግን ሽብልቅ በመዶሻ የሚመታ ነው፤ የመጥረቢያ እጀታ ሲላላ ይመታበታል፣ ግንድም ይፈለጥበታል። ይህ ጥብጣብ በጣት ተገፍቶ የሚገባ እንጂ የሚመታ አይደለም። በዘመኑ ጽሑፍ «ቅርቃር ውስጥ ገባ» ማለት መውጫ በሌለው ችግር ውስጥ መያዝ ማለት ሆኗል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ዘይቤያዊው ፍች የመጣው ግን ከተጨባጩ ነውና ተጨባጩን ወደ ሙያው ብንመልሰው አንዱ ሌላውን አይጎዳም፤ «የክፈፍ ቅርቃር» ሲባል የሚሳሳት አይኖርም።

ሦስተኛው ለመልክ ሲባል ከላይ የሚለበጠው ነው። በማደሪያ መኪና አካል ማዕዘኖችና በመስኮቶቹ ዙሪያ የቡሎኖቹን ራስ የሚሸፍን የፒ-ቪ-ሲ ጥብጣብ ይገኛል። መስታወት አይሸከምም፤ ሥራው መሸፈን ነው። ለዚህ «ጥለት» የሚለውን የሚያቀርቡ ይኖራሉ፤ የሸማው ጥለትም ዙሪያን ያስጌጣልና። ነገር ግን ጥለት ከሸማው ጋር በአንድነት የተሸመነ ነው፤ ሸማውን ሳይጎዱ አውጥቶ በሌላ መለወጥ አይቻልም። የእኛ ክፍል ግን ተመዝዞ የሚለወጥ ነው። ስለዚህ «ለበጠ» ከሚለው ግስ «ልባጥ» ማለት ይሻላል። «ለበጣ» የሚለው ቃል ላይ ላዩን መናገርን፣ ከልብ ያልሆነን ነገር እንደሚያመለክት ላሰበ ሰው ግሱ ለዚህ ክፍል እጅግ የተስማማ ነው፤ ልባጥ ያምራል እንጂ አይሸከምም።

አራተኛው በሚከፈት መስኮትና በር ዙሪያ ሆኖ ሲዘጋ ነፋስና ውኃን የሚከለክለው ነው። ለዚህ «ማሸጊያ ጎማ» ይበቃል።

እነዚህን አራቱን መለየት ለምን ያስፈልጋል? የሚጠይቁት ሥራ ስለሚለያይ ነው። ልባጥ ቢያጥር መኪናው መልኩ ይጎድላል፣ ከሥሩ ያሉ ቡሎኖችም መዛግ ይጀምራሉ፤ አንድ ሰው በግማሽ ቀን ይለውጠዋል። ቅርቃር ቢያጥር መስታወቱ ሳይነቀል ቅርቃሩ ብቻ ይለወጣል። ክፈፉ ራሱ ካጠረ ወይም ከተሰነጠቀ ግን መስታወቱ መውጣት አለበት፤ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ መስታወትም ሊሰበር ይችላል። «ጎማው አጠረ፤ ጎማው ይለወጥ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ የብር ሥራውን የመቶ ብር፣ የመቶ ብሩንም የብር ሊያደርገው ይችላል።

ከዚህም የሚከፋ አለ። በአንዳንድ አውቶቡሶች የጎን መስኮቱ የአደጋ ጊዜ መውጫ ነው። ቅርቃሩ ጫፍ ላይ መጎተቻ ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ተይዞ ሲሳብ ቅርቃሩ ይወጣል፣ ክፈፉ ይላላል፣ መስታወቱም ወደ ውጭ ይገፋል። ቅርቃርን ከክፈፍ የማይለይ የጥገና መመሪያ ያነበበ ሠራተኛ ያጠረውን ቅርቃር «እንዳይወጣ» ብሎ በማጣበቂያ ቢያስረው መውጫውን ዘጋው ማለት ነው። ይህ ጉድለት የሚታወቀው መኪናው በተገለበጠ ዕለት ነው።

5. ማጠር፣ መድረቅ፣ መኮማተር

ወደ ግሶቹ እንለፍ። አማርኛ ስለ መቀነስና ስለ መሰብሰብ ብዙ ግስ አለው። ጨርቅ ታጥቦ «ይገባል»፤ ፊት «ይጨማደዳል»፤ ቅጠል «ይጠወልጋል»፤ ሰው በብርድ «ይኮራመታል»። እያንዳንዱ የራሱ ምክንያትና መልክ አለው። ለመስኮት ክፍሎች በብዛት የሚነገሩት ግን «ደረቀ» እና «አጠረ» ናቸው፤ ሁለቱም ጥንቃቄ ይሻሉ።

«ደረቀ» ስንል ውኃው ወጣ ማለታችን ነው፤ እንጨት ደረቀ፣ ልብስ ደረቀ፣ ምንጭ ደረቀ። የደረቀ ነገር መድኃኒቱ ማርጠብ ወይም መቀባት ነው። ስለዚህ «ጎማው ደረቀ» የሚለው አነጋገር በውስጡ መፍትሔ ይዟል፤ የያዘው መፍትሔ ግን ትክክል አይደለም። ፒ-ቪ-ሲ በተፈጥሮው ግትር ነው፤ እንዲተጣጠፍ የሚያደርገው ሲሠራ የሚቀላቀልበት ቅመም ነው፤ ይህን «አለስላሽ» እንበለው። አለስላሹ በሙቀትና በፀሐይ ብዛት ቀስ በቀስ ወደ ገጹ እየወጣ ይተናል። የወጣው ያህል የዕቃው ይዘት ይቀንሳል፤ ጥብጣቡም ያጥራል፣ ይጠጥራል። ከውስጡ የጠፋው ውኃ አይደለም፤ በላዩ የሚቀባ ዘይትም የጠፋውን አይመልስም። ቅባት ያጠረውን አያስረዝምም።

የጎማው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የተፈጥሮ ጎማ ከሰልፈር ጋር በሙቀት ሲቀናበር እንደሚጸና ቻርልስ ጉድዪር በ1839 እ.ኤ.አ. ከደረሰበት ጀምሮ ጎማ ለማሽን ሁሉ ተፈላጊ ሆኗል። ጠላቱ ግን አየር ራሱ ነው። ኦክስጅን ያጠጥረዋል፤ ኦዞን የተባለው ጋዝ ደግሞ ተወጥሮ ባለበት ቦታ ላይ ከውጥረቱ አግድም ጥቃቅን መሰንጠቅ ያወጣበታል። ለዚህ የሚስማማ ቃል ገበሬው አለው። የበጋ መሬትና የእግር ተረከዝ የሚያወጡት ብዙና ጥልቀት የሌለው መሰንጠቅ «ንቃቃት» ይባላል። አንድ ሆኖ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፈው «ስንጥቅ» ነው። ንቃቃት የወጣበት ክፈፍ እየተጠበቀ ሊያገለግል ይችላል፤ ስንጥቅ የወጣበት ይለወጣል። ሁለቱን ቃላት የሚለይ ተርጓሚ ለጠጋኙ ውሳኔ ያቀብለዋል።

«አጠረ» የሚታየውን ውጤት ብቻ ይናገራል። በማዕዘኑ ላይ ክፍተት ታይቷል፤ ሁለቱ ጫፎች ተራርቀዋል። ምክንያቱ ግን ሁለት ሊሆን ይችላል፤ አንድም ዕቃው ከላይ በተገለጸው መንገድ ይዘቱ ቀንሶ፣ አንድም ሲገጠም ተለጥጦ ገብቶ በኋላ ወደ ተፈጥሮ ርዝመቱ በመመለሱ። የመጀመሪያውን ሂደት «መኮማተር»፣ ሁለተኛውን «መሸሽ» እንድንል ሐሳብ እናቀርባለን። «አጠረ» ለሁለቱም የጋራ ምልክት ሆኖ ይቆይ። የተኮማተረው ያረጀ ነው። የሸሸው ግን አዲስ ሊሆን ይችላል፤ ጥፋቱም የዕቃው ሳይሆን የገጠመው እጅ ነው።

6. «ወጥረህ አስገባ» ወይስ «ገፍተህ አስገባ»?

እዚህ ላይ የእጅ ሥራ ባህላችን ራሱ ወደ ስሕተት ሊመራን እንደሚችል ማስተዋል ይገባል። የጠፍር አልጋ የሚሠራ ሰው ጠፍሩን እርጥብ ሳለ ወጥሮ ያስረዋል፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተርና አልጋው ይጠብቃል። ከበሮም የሚጠብቀው በዚሁ ጥበብ ነው። በቆዳ ሥራ መኮማተር ወዳጅ ነው፤ ሠራተኛው አስቦ የሚጠራው ኃይል ነው። በመስኮት ቅርቃር ግን መኮማተር ጠላት ነው። ተወጥሮ የገባ ቅርቃር ዛሬ ያምራል፤ ጥቂት ወራት የፀሐይ ሙቀት ሲያገኝ ከማዕዘኑ ይሸሻል።

ስለዚህ መመሪያ ሲተረጎም «ወጠረ»፣ «ሳበ»፣ «ጎተተ» የሚሉት ግሶች ከቅርቃር መግቢያ ዓረፍተ ነገር ፈጽሞ ሊወጡ ይገባል። ቦታቸውን የሚወስዱት «ገፋ»፣ «አጨቀ»፣ «አስገባ» ናቸው። «ሳበ» ተገቢ ቦታው ሌላ ነው። ክፈፉ ራሱ ሲለወጥ አዲሱ ክፈፍ በመጀመሪያ በመስታወቱ ዙሪያ ይለበሳል፤ ላሜራው በሚገባበት ቦይ ውስጥ ሲባጎ ይዞራል፤ አንዱ ሰው ከውጭ መስታወቱን ሲጫን ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ይስባል፤ የክፈፉም ከንፈር እየተቀለበሰ የላሜራውን ጠርዝ ይጎርሳል። «ሲባጎ» ጣልያንኛ ነው፤ «ከንፈር» እና «መጉረስ» የራሳችን ናቸው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለ ጠብ ይኖራሉ።

7. የትርጉም ምሳሌ

ከዚህ በላይ የተባለውን በምሳሌ እናሳይ። የሚከተለው በችኮላ የተሠራ ትርጉም ሊመስል የሚችለው ነው።

«የደረቀውን ጎማ ያውጡ። አዲሱን ጎማ ወጥረው በመስኮቱ ዙሪያ ይክተቱ። የቀረውን ክፍተት በሲልኮን ይዝጉ።»

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሦስት ጉድለት አለበት። በመጀመሪያው የትኛው ጎማ እንደሚወጣ አልታወቀም፤ አንባቢው ክፈፉን ቢያወጣ መስታወቱ እላዩ ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው መሸሽን ይጠራል። ሦስተኛው ውኃው ከኋላ ገብቶ መውጫ እንዲያጣ ያደርጋል፤ ላሜራውም ከውስጥ ይዝጋል። በተጨማሪም ሲልኮን ሁሉ አንድ አይደለም፤ ሲደርቅ የኮምጣጤ ሽታ የሚሰጠው ዓይነት ብረትን ያዝጋል። «ማስቲሽ» እና «ስቱኮ»ም በሲልኮን ምትክ የሚጻፉ አይደሉም፤ ማስቲሽ ማጣበቂያ ነው፣ ስቱኮ ደርቆ የሚጠጥር መሙያ ነው። የሦስቱ የወል ስም ካስፈለገ «መድፈኛ» ይበቃል።

የተስተካከለው ትርጉም እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«አንደኛ፤ ያጠረውን ቅርቃር ከታችኛው ጠርዝ መጋጠሚያ ጀምረው ከክፈፉ ቦይ ይምዘዙ። ክፈፉንና መስታወቱን አይንቀሉ።
ሁለተኛ፤ ክፈፉ ስንጥቅ እንዳለው ይመርምሩ። ካለው ቅርቃሩን ብቻ መለወጥ አይበቃም።
ሦስተኛ፤ ቦዩን በሳሙና ውኃና በጨርቅ ያጽዱ። ቤንዚን ወይም ናፍጣ አያስነኩ።
አራተኛ፤ አዲሱን ቅርቃር ከመስኮቱ ዙሪያ ጥቂት ጣት አስረዝመው ይቁረጡ።
አምስተኛ፤ ቦዩን በሳሙና ውኃ አርጥበው፣ ከታችኛው ጠርዝ መካከል ጀምረው፣ ቅርቃሩን ሳይወጥሩ እየገፉ ያስገቡ። ማዕዘን ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ መለስ እያደረጉ ያጭቁ።
ስድስተኛ፤ ዙሪያው ሲያልቅ ትርፉን ወዲያው አይቁረጡ። አንድ ቀን ካደረ በኋላ ሁለቱ ጫፎች ተገፋፍተው እንዲገጥሙ አድርገው ይቁረጡ።»

ርዝመቱ ጨምሯል። ይሁን እንጂ የተጨመረው ቃል ሁሉ አንድ ስሕተት ይከላከላል። መጋጠሚያው ከታች እንዲሆን የተፈለገው ክፍተት ቢፈጠር እንኳ ከላይ የሚወርድ ውኃ በቀጥታ እንዳይገባበት ነው። የአደጋ ጊዜ መውጫ ለሆነ መስኮት ሰባተኛ ዓረፍተ ነገር ይጨመራል፤ «ቅርቃሩን በማናቸውም ማጣበቂያ ወይም መድፈኛ አይሰሩ፤ የመጎተቻው ቀለበት በግልጽ የሚታይ ይሁን።»

8. ስለ ውሰት ቃላት አቋማችን

አንባቢ ከዚህ ጽሑፍ የውጭ ቃላትን ሁሉ የማስወጣት ሐሳብ እንዳይወስድ እንሻለን። ቀድሞ በ1964 ዓ.ም. በአማርኛ ስም የተቋቋመው፣ በኋላም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የተባለው ተቋም ከጀመረው የስያሜ ሥራ፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም. ከታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የምንማረው አንድ ነገር አለ። ተጠቃሚው ከሚያውቀው ቃል የተነሣ ስያሜ ይኖራል፤ ተጠቃሚው የሚያውቀውን ቃል ሊሽር የተነሣ ስያሜ ግን በመጽሐፍ ውስጥ ይቀራል። «ተሽከርካሪ» የጸናው «መኪና»ን ሳያስለቅቅ ነው፤ አንዱ በሕግና በመመሪያ፣ ሌላው በመንገድና በቤት ይነገራሉ።

ስለዚህ ሦስት ደንብ እንከተላለን። የውሰት ቃሉ በሙያው ዘንድ አንድ ነገር ብቻ የሚያመለክት ከሆነ ይቆይ፤ ካቻቢቴ፣ ላሜራ፣ ሲባጎ እንደዚሁ ናቸው። ብዙ ነገር የሚያመለክት ከሆነ በአገሩ ቃል ይገደብ፤ «ጎማ ክፈፍ» እና «ማሸጊያ ጎማ» እንደዚሁ ናቸው። ለዕቃው ስም ጨርሶ ከሌለ ከሸማኔው፣ ከአናጢው፣ ከገበሬውና ከቆዳ ሠራተኛው ቃል ይፈለግ፤ «ቅርቃር»፣ «ልባጥ» እና «ንቃቃት» እንደዚሁ ናቸው። የውሰት ቃል ፍቹ በመንገድ ላይ ሊለወጥ እንደሚችልም አይዘንጋ። «ኮርኒስ» በምንጩ ቋንቋ ክፈፍ ነው፤ በአማርኛ ግን ከጣራው ሥር የሚለበጠው የቤት ውስጥ ሽፋን ሆኗል። የምንጩን ቋንቋ አውቃለሁ ብሎ የመስኮቱን ክፈፍ «ኮርኒስ» የሚል ተርጓሚ አንባቢውን ቀና ብሎ ጣራ እንዲያይ ያደርገዋል።

9. የቀረቡት ስያሜዎች

ማደሪያ መኪና፤ ውስጡ ለማደሪያና ለማብሰያ የተዘጋጀ፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ።
ማደሪያ ተሳቢ፤ ከዚሁ ዓይነት ሆኖ በሌላ መኪና የሚጎተት።
ጎማ ክፈፍ፤ መስታወትን ከላሜራ ጠርዝ ጋር የሚይዝ ባለ ሁለት ቦይ የጎማ ዙሪያ።
ቅርቃር፤ በክፈፉ የፊት ቦይ እየተገፋ ገብቶ ክፈፉን የሚያጠብቅ ጥብጣብ።
ልባጥ፤ ቡሎንና መጋጠሚያን የሚሸፍን፣ መስታወት የማይሸከም ጥብጣብ።
ማሸጊያ ጎማ፤ በሚከፈት መስኮትና በር ዙሪያ ነፋስና ውኃን የሚከለክል።
አለስላሽ፤ ፕላስቲክን ተጣጣፊ ለማድረግ የሚቀላቀል ቅመም።
መኮማተር፤ ዕቃው ከይዘቱ በመቀነሱ ማጠሩ።
መሸሽ፤ ተለጥጦ የተገጠመ ዕቃ ወደ ርዝመቱ በመመለሱ ማጠሩ።
ንቃቃት፤ ብዙና ጥልቀት የሌለው የገጽ መሰንጠቅ።
ስንጥቅ፤ ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ መሰንጠቅ።

ስያሜዎቹ የቀረቡት ለውይይት ነው። ከሁሉ በፊት ሊፈተኑ የሚገባቸው በጋራዥ ነው። አንድ የአንበሳሜ ወይም የባሕር ዳር ጠጋኝ «ቅርቃሩን መዝዘህ አውጣ፤ ክፈፉን አትንካ» ተብሎ መስታወቱን በቦታው ትቶ ጥብጣቡን ብቻ ካወጣ ስያሜው ሠርቷል። «የቱን?» ብሎ ከጠየቀ ግን ቃሉን እንደገና ልናየው ይገባል። ከዚህ የተሻለ ቃል በሙያው ውስጥ ሲነገር የሰማ አንባቢም ቃሉን፣ የተነገረበትን ቦታና ዕቃውን ጨምሮ ቢልክልን በሚቀጥለው ዝርዝር እናስገባዋለን።